ለልጄ እውነቱን ልንገረው ወይስ «ሽርሽር ነው» ልበለው?

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከሐዋሳ ነው። ሦስት ዓመት ከአራት ወር የሆነው ወንድ ልጅ አለኝ። ሲያለቅስ ወይም ሲያስለው ብሽሽቱ ላይ እብጠት ብቅ ይላል፤ ሲተኛ ይጠፋል። የሕፃናት ሐኪም አይተውት ‹ሄርኒያ ነው፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል› አሉን። ቀጠሮው ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው። አማቴ ግን ‹ቡአ በወጌሻ ይታሻል፤ ሕፃኑን አታስቀድዱት› ይላሉ። ‹ያኔ እያስለቀስሽው ነው የመጣበት› ሲሉኝ ደግሞ እንቅልፍ አጣሁ። ጎረቤቴ ማደንዘዣ የልጅ አእምሮ ይጎዳል አለችኝ። ባለቤቴ ‹ምንም አትንገሪው፣ ሽርሽር ነው ብለን እንውሰደው› ይላል። እኔ ከእጄ ሲቀበሉኝ የሚያየኝን ሳስበው ከአሁኑ እንባዬ ይመጣል። ምን ላድርግ? ቀይ አሻንጉሊት ባጃጅ አለችው፤ ያለሷ አይተኛም። ይዟት መግባት ይችላል ይሆን?

የማሙሽ እናት»

የማሙሽ እናት፣ እግዜር ይማርልሽ። ደብዳቤሽን ያነበብኩት ማታ ነው። እስኪነጋ ከሐሳቤ አልወጣም። እንቅልፍ ከነሳሽ ነገር ልጀምር።

ስላስለቀስሽው አይደለም። ወንድ ልጅ ገና በማህፀን ሳለ የዘር ፍሬዎቹ ያሉት ሆዱ ውስጥ ነው። ከመወለዱ በፊት በብሽሽቱ በኩል ባለች ጠባብ መተላለፊያ ወደ ታች ይወርዳሉ። ከዚያ መተላለፊያዋ ትዘጋለች። በአንዳንድ ልጆች ግን ሳትዘጋ ትቀራለች፤ አንጀት በዚያ በኩል ገፍቶ ብቅ ይላል። ከመቶ ልጆች ከአንድ እስከ አምስት የሚሆኑት ይኖርባቸዋል። በወንዶች ይበዛል፤ ቀናቸው ሳይደርስ በተወለዱት ደግሞ ይብሳል። ልጅ ሲያለቅስ ሆዱ ስለሚገፋ ድሮም የነበረው ቀዳዳ ይታያል። ልቅሶው ቀዳዳውን አልከፈተውም። ልጅሽ ይዞት ተወልዷል፤ አንቺ ያጠፋሽው ምንም ነገር የለም። ይህን ለባለቤትሽ አንብቢለት። ለእናቱ እሱ ቢያስረዳቸው ይሻላል፤ ካንቺ አፍ ሲሰሙት ክርክር ይመስላቸዋል።

አማትሽ ክፉ አስበው አይደለም። የልጅ ልጃቸው ምላጭ እንዳይነካው ነው የሳሱት። ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገርም አለ። የእምብርት እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ልጁ አራት አምስት ዓመት እስኪሆነው በራሱ ይዘጋል። ሳንቲም አስረንበት ዳነ፣ አሽተነው ዳነ የሚባለው ያ ነው፤ ባይታሰርም ይድን ነበር። የብሽሽቱ ግን በራሱ አይዘጋም፤ በመታሸትም አይዘጋም። ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ያሉት ለዚህ ነው። አደጋው አንጀቱ ወጥቶ እዚያው ተቆልፎ መቅረቱ ነው። ያን ጊዜ ደም አይደርሰውም።

ስለዚህ እስከ ቀጠሮው ድረስ አንድ ነገር ጠብቂ። እብጠቱ ጠንክሮ አልመለስ ካለ፣ ሲነካ ካመመው፣ ቆዳው ከቀላ፣ ካስታወከ፣ አሥራ ሁለቱን ቀን አትጠብቂ። በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ይዘሽው ሂጂ። ወጌሻ ጋ ዞር ማለት የሚባል ነገር አይኑር።

ጎረቤትሽ ስላነሳችው ማደንዘዣም ልንገርሽ። ጥያቄው ባዶ ወሬ አይደለም፤ ተመራማሪዎችም ጠይቀውታል። የሚገርምሽ፣ ዋናውን ጥናት ያደረጉት ልክ እንደ ልጅሽ የብሽሽት ሄርኒያ ኦፕራሲዮን በሚደረጉ ጨቅላ ሕፃናት ላይ ነው። በ7 አገሮች፣ በ28 ሆስፒታሎች 722 ሕፃናት ተሳተፉ። ግማሾቹ ሙሉ በሙሉ በሚያስተኛው ማደንዘዣ፣ ግማሾቹ ሳይተኙ ከወገብ በታች ብቻ በሚያደነዝዘው እንዲታከሙ ተደለደሉ። ከዚያ አምስት ዓመት ሲሆናቸው አእምሯቸው ተፈተነ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ወጣ፤ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። በማደንዘዣ የተኙት የቆዩት ባብዛኛው አንድ ሰዓት ላልሞላ ጊዜ ነበር። ያንቺም ልጅ ኦፕራሲዮን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት አያልፍም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2016 ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። እሱ ግን የሚያወራው ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ከሦስት ሰዓት በላይ ስለሚቆይ ወይም ስለሚደጋገም ማደንዘዣ ነው። ጎረቤትሽ የሰማችው ምናልባት የዚያን ቅንጣቢ ይሆናል።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ሐሳብ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፤ እኔ ራሴ የተሳሳትኩበት ነውና።

ልጄ አራት ዓመቷ ሳለ ማታ ማታ እያንኮራፋች ትንፋሿ ቁርጥ ይል ነበር። ቶንሲሏ መውጣት አለበት ተባለ። እኔና አባቷ ተማከርን። ለምን ከአሁኑ እናስጨንቃታለን አልን። ጠዋት «ኬክ ቤት ልንሄድ ነው» አልኳት። ደስ ብሏት የልደት ቀሚሷን ካልለበስኩ አለች። ለበሰች። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ቀና ብላ አየችኝና «ኬኩስ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ውስጥ ስንገባ ጮኸች፣ ነከሰች፣ ሦስት ሰው ያዛት። ቁስሏ በሁለት ሳምንት ዳነ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ለወራት «ነይ እንሂድ» ባልኳት ቁጥር ቆም ብላ «እማዬ፣ የእውነት ነው ወይስ የኬክ ነው?» ትለኝ ነበር። አያቷ ጋ ስንሄድም ትጠይቀኛለች፤ ሱቅ ስንሄድም። አሁን ትልቅ ልጅ ናት። የመርፌውን ነገር ረስታዋለች። ኬኩን ግን አልረሳችውም።

ስለዚህ እህቴ፣ ንገሪው። ሦስት ዓመት ከአራት ወር የሆነው ልጅ ይገባዋል፤ በልኩ ከተነገረው። ከአሁኑ አትጀምሪ፣ አሥራ ሁለት ቀን ለሱ ማለቂያ የለውም። አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀረው ይበቃል። ታላቅ ልጅ ቢሆን ሳምንት ቀደም ብለሽ ትነግሪው ነበር። ከእራት በኋላ፣ ሲረጋጋ፣ ጭንሽ ላይ አስቀምጠሽ እንዲህ በዪው፦ «ብሽሽትህ ላይ እየወጣ የሚያስቸግርህን ነገር ሐኪሞች ያስተካክሉልሃል። የሐኪም እንቅልፍ የሚባል አለ፤ እሱን ትተኛለህ። ተኝተህ ሳለ ምንም አይሰማህም። ስትነቃ ትንሽ ያምሃል፤ የሚያስታግስ መድኃኒት እንሰጥሃለን። እኔና አባባ እንጠብቅሃለን። ከዚያ ወደ ቤታችን እንመጣለን።» በቃ። ከዚህ በላይ ካልጠየቀ አታብዢበት። «የሐኪም እንቅልፍ» የምልሽ ከማታው እንቅልፍ እንዲለይለት ነው። እንዲያው «ያስተኙሃል» ብቻ ካልሽው፣ ማታ አልጋው ላይ ለመተኛት የሚፈራ ልጅ አለ።

«አያምም» አትበዪው። መርፌው ሲነካው ውሸት መሆኑን ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ የምትዪውን ሁሉ አያምንም። «ትንሽ ቆንጠጥ ያደርግሃል፣ እስከ አምስት ስንቆጥር ያልፋል» በዪውና አብራችሁ ቁጠሩ። «ይቀዱሃል»፣ «ይቆርጡሃል» የሚሉ ቃላትን ቤተሰቡ ሁሉ እሱ በሚሰማበት አይናገር። አንድ ልማዳችን ደግሞ አለ፤ እባካችሁ ይቅር። «ዝም ካላልክ ሐኪሙ በመርፌ ይወጋሃል!» ስንቱ ቤት ነው የሚባለው! ልጁን በጤናው ጊዜ በሐኪም ስናስፈራራው ከርመን፣ ሲታመም ለዚያው ሐኪም እጁን እንዲሰጥ እንጠብቃለን። በናንተም ቤት ከነበረ ከዛሬ ጀምሮ አቁሙት።

አሻንጉሊት ካለው ሐኪም እየሆናችሁ ተጫወቱ። በፕላስተር ብሽሽቷን ይለጥፍላት። መልሶ መላልሶ ቢያደርገው ተዪው፤ ጭንቀቱን እያወጣ ነው።

ወደ ሆስፒታል ስትሄዱ የሚጠይቋችሁን ሳትደብቂ ተናገሪ። ሲገረዝ ብዙ ደም ፈስሶት ነበር? አልቆም ብሎ ነበር? ይህን ሳይጠይቁሽም ንገሪያቸው፣ ለነሱ ትልቅ ነገር ነው። ከቤተሰቡ በማደንዘዣ ችግር የደረሰበት ሰው ካለ፣ የባህል መድኃኒት ወስዶ ከሆነ፣ እሱንም ተናገሪ። ከምንም በላይ ጉንፋንና ሳልን አትደብቂ። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ቀጠሮው እንዳያልፍባት የልጇን ሳል የምትደብቅ እናት አውቃለሁ። ልቧ ይገባኛል። ነገር ግን ጉንፋን ያለበት ልጅ በማደንዘዣ ሲተኛ የመተንፈሻ ቧንቧው በቀላሉ ይቆጣል። ሐኪሞቹ ጥቂት ሳምንት እናራዝመው ካሉ ለልጅሽ ብለው ነው።

የመጾሙን ነገር ደግሞ እንደ ቀላል አትዪው። በማደንዘዣ የተኛ ሰው ማስታወኩን መቆጣጠር አይችልም፤ ሆድ ውስጥ ያለው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ለዚያ ነው ባዶ ሆድ የሚሉት። የተለመደው መመሪያ ምግብና የላም ወተት ከኦፕራሲዮኑ 6 ሰዓት ቀድሞ፣ የእናት ጡት 4 ሰዓት ቀድሞ፣ ውሃ 2 ሰዓት ቀድሞ ማቆም ነው። ቅባት የበዛበት ምግብ ከዚያም ቀደም ይላል። ሆስፒታሉ ሌላ ካለሽ ግን የነሱን ያዢ። ወተት መጠጥ ስለሆነ ችግር የለውም እንዳትዪ፣ እንደ ምግብ ነው የሚቆጠረው። ደግሞ «ከስድስት ሰዓት በኋላ እንዳይበላ» ከተባልሽ የሌሊቱ ነው የቀኑ ብለሽ ጠይቂ። በኛ አቆጣጠርና በፈረንጅ ሰዓት መካከል ስንት ሰው ተሳስቷል! «ከኦፕራሲዮኑ በፊት ስንት ሰዓት ሲቀረው?» ብለሽ ብትጠይቂ ይሻላል።

ጾሙን ብዙ ጊዜ የሚያፈርሰው እናት አይደለችም፤ አያት ናት። «አንጀቱ ታጠፈ» ብላ ከጀርባሽ ቁራሽ ዳቦ ታጎርሰዋለች። አማትሽን ማታውኑ አስቀምጣችሁ ምክንያቱን አስረዷቸው። ምክንያቱ ከገባቸው ከማንም በላይ እሳቸው ይጠብቁታል። በቤታችሁ ጠበል የማስጠጣት ልማድ ካለ፣ ጠዋት ግንባሩን ይቀቡት እንጂ አያስጠጡት፤ የሚጠጣውን ሲመለስ ይደርስበታል። የጃኬቱን ኪስ ፈትሺ፤ ልጅ ቆሎና ብስኩት ይደብቃል። እናንተም እሱ ፊት ቁርስ አትብሉ፤ ቡናውም ለዚያ ቀን ይቆይ። ማተቡ ላይ የብረት መስቀል ካለ ቤት ሳላችሁ አውልቁለት። እዚያ በሩ ላይ ከአንገቱ ሲነሳ ሌላ ልቅሶ ነው።

አሁን ወደምትፈሪው ቦታ እንምጣ። በሩ ላይ።

ቀድመሽ ጠይቂ፤ «እስኪተኛ ድረስ አብሬው መግባት እችላለሁ?» አንዳንድ ቦታ ይፈቅዳሉ፣ ብዙ ቦታ አይፈቅዱም። ከመግባቱ በፊት የሚያረጋጋ ሽሮፕ የሚሰጡም አሉ፤ ይህንንም ጠይቂ። ካልተፈቀደ፣ ከሁለታችሁ ማን ይረጋጋል? እሱ ይዞት ይሂድ። ይህ ማን ይበልጥ ይወደዋል የሚል ጥያቄ አይደለም። ልጅ ፊታችንን እያነበበ ነው የሚፈራው። ባለቤትሽ ከተረጋጋ እሱ ይቀፈው። አንቺ ከሆንሽ ደግሞ ዞር ሲልልሽ ተሰውረሽ አትጥፊ። ዓይኑን አይተሽ «ስትነቃ እዚህ ነኝ» በዪውና ስጫቸው። አታቆይው። ያለቅስ ይሆናል። የሚያለቅሰው ካንቺ ስለተለየ ነው፤ ስለሚወድሽ ነው። በሩ ከተዘጋ በኋላ አልቅሺ። ማንም አይፈርድብሽም። እኔ እዚያ ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፌ ተቀምጬ አልቅሻለሁ፤ የማላውቃት የሌላ ልጅ እናት መጥታ በነጠላዋ ፊቴን ጠረገችልኝ።

ግን ሩቅ አትሂጂ። የገባሽለትን ቃል የምትጠብቂው ስትጠሪ እዚያ በመገኘት ነው። እንደምታውቂው በኛ ሆስፒታሎች አስታማሚ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ወረቀት ይሰጣትና መድኃኒት ግዢ፣ ካርድ ክፍል ሂጂ፣ ክፈይና ደረሰኝ አምጪ ትባላለች። ስለዚህ ሮጦ የሚላክ ሰው ይኑራችሁ፤ ወንድምሽ ወይም ጓደኛሽ ይሁን። አንቺ ከበሩ አትራቂ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. እስከ 1950ዎቹ ድረስ ብዙ ሆስፒታሎች ወላጅ የታመመ ልጁን እንዲያይ የሚፈቅዱት በተወሰነ ሰዓት ብቻ ነበር። ልጆቹ እናታቸውን ሲያዩ ያለቅሳሉ፤ ይረበሻሉ ተብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 በቀዶ ሐኪሙ በሰር ሃሪ ፕላት የተመራ ኮሚቴ ወላጅ በማንኛውም ሰዓት ልጁን ይጠይቅ፣ እናት የትንሽ ልጇ አጠገብ ትደር ብሎ መከረ። ልማዱ እስኪለወጥ ግን ወላጆች ለዓመታት መታገል ነበረባቸው። በኛ አገር እናት ከልጇ አልጋ ሥር ጋቢ አንጥፋ ማደሯን ሰው እንደ ችግር ያየዋል፤ ኋላ ቀርነት የሚመስላቸውም አሉ። እኔ እንደ ሀብት ነው የማየው። አንቺ አጠገቡ የመሆን መብት አለሽ፤ አትፈሪ፣ አትሽቆጥቆጪ። ያልገባሽን ጠይቂ። የስምምነቱን ፎርም ከመፈረማችሁ በፊትም አንብቡት፤ የሚሠራው የትኛው ጎን እንደሆነ እዚያው አረጋግጡ።

ሲነቃ ሊያስደነግጥሽ የሚችል ነገር አለ። ማንም ቀድሞ ስላልነገረኝ እኔን አስደንግጦኛል። በተለይ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ያሉ ልጆች ከማደንዘዣ ሲነቁ አንዳንዴ ይቃዣሉ። ዓይናቸው ተከፍቶ ይጮኻሉ፣ ይራገጣሉ፣ እናታቸውን አያውቁም፤ ስትይዣቸው ይገፉሻል። አእምሮው ተነካ ብለሽ እንዳትደነግጪ። ማደንዘዣው እየለቀቀው ነው። ብዙውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያልፋል፤ እሱም አያስታውሰውም። አትከራከሪው፣ አትንጪው። እንዳይወድቅና እጁ ላይ ያለውን መርፌ እንዳይነቅል ብቻ ያዢው። ማታ ማታ የምታሰሚውን እሹሩሩ ቀስ ብለሽ አሰሚው። አንዳንዱ ልጅ አንድ ሁለት ጊዜ ያስታውካል፤ እሱም የተለመደ ነው።

ችግር ካልተፈጠረ ብዙ ልጆች በዚያው ቀን ወደ ቤት ይሸኛሉ። ማስታገሻውን ሐኪሙ በኪሎው ልክ በሚያዝልሽ መጠን፣ ሰዓቱን ጠብቀሽ ስጪው። እስኪያለቅስ አትጠብቂ፤ ሕመም አንዴ ከበረታ ለመመለስ ያስቸግራል። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። ኮዴን የሚባል ማስታገሻ ያለበት መድኃኒትም ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም። ቤት ውስጥ ለትልቅ ሰው የተገዛ ኪኒን ሰባብሮ መስጠት አይገባም። ቁስሉ ላይ ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር አይቀባም። ብሽሽቱ አካባቢ ትንሽ ቢያብጥ ወይም ጠባሳው ጠንከር ቢል የተለመደ ነው። ትኩሳት ከመጣ፣ ቁስሉ እየቀላ ከሄደ፣ መግል ካወጣ፣ ወይም ሽንት እምቢ ካለው ግን መልሺው።

ጠያቂ ይመጣል። ብርቱካንና ሙዝ ይዞ፣ በፍቅር። ግን ሁሉም «እስቲ ቁስልህን አሳየኝ» ይለዋል፤ በዚያ ቦታ ያለን ቁስል ልጅ በሰው ፊት ማሳየት ይከብደዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ጠያቂን በር ላይ አመስግነሽ መልሺ፤ አይቀየሙሽም። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሳምንት አልጋው ላይ ቢሸና፣ ሌሊት ቢባንን፣ መጸዳጃ ቤት ድረስ ቢከተልሽ አትቆጪው። ብዙ ልጆች እንዲህ ይሆናሉ። ያልፋል።

የባጃጇን ነገር ለመጨረሻ አቆየሁት። አዎ፣ ይዟት ይሂድ። ቀደም ባለው ቀን በሳሙና እጠቢያት፤ እሱም ይጠባት፣ «ባጃጇም ለኦፕራሲዮን ትዘጋጅ» በዪው። ነርሷን «እስኪተኛ ድረስ ይዟት ይግባ?» ብለሽ ጠይቂያት፤ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። እምቢ ካሉ ለሱ ንገሪው፤ «ባጃጅህን እኔ እጠብቅልሃለሁ» በዪና ኪስሽ ውስጥ አድርጊያት። ወደሚነቃበት ክፍል ሲጠሩሽ እጅሽ ላይ ይዘሻት ግቢ።